ቁጥቋጦውን የሚዞር ሰው

ከዲላ ይርጋጨፌ የምመላለሰው እንግሊዝኛ የሚያስተምረኝ ሰው አጥቼ አይደለም። አስተማሪዋ አስቴር ስለሆነች ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ዛሬስ ሽማግሌ ልልክ ማሰቤን እነግራታለሁ እያልኩ በየቅዳሜው እሄዳለሁ፤ ትምህርት ቤቷ ግቢ ውስጥ ተቀምጠን ስለ ሰዋስው አውርተን እመለሳለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሚኒባሱ ጉም ውስጥ ገብቶ የሚዋኝ ይመስል ነበር። እንሰቱ ብቅ ይላል፣ መልሶ ይጠፋል። እኔም እንቅልፍ ይሁን ንቃት ባልለየሁት ሁኔታ፣ አስቴር ለሳምንቱ አጥና ብላ ደብተሬ ላይ በእጇ የጻፈችልኝን አንድ አባባል ደጋግሜ አነበንባለሁ።

«ምን ይላል?» አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡት አዛውንት።

«ቁጥቋጦውን ዙሪያ ዙሪያውን መምታት ይላል፣ አባባ። ፈረንጆቹ ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።»

በመስኮቱ ወደ ጉሙ ዞሩ።

«አንድ ሰው ይመጣል» አሉ ቀስ ብለው። «ዝናቡ እንዴት ነው ይላል፤ ቡናው አበበ ወይ ይላል። የመጣበትን ጉዳይ ሳያነሳ ይሄዳል። እሱ መሆን አለበት።»

በጣም ደስ አለኝ። አስቴር ስትጠይቀኝ የምመልሰውን አገኘሁ ብዬ ቃል በቃል ጻፍኩት።

ይርጋጨፌ ስንወርድ አዛውንቱ ደብተሩን ተቀበሉኝና ጽሑፉን አተኩረው አዩት።

«የልጄ እጅ ጽሑፍ ከድሮም ያምራል» አሉ። «በየቅዳሜው ከዲላ የሚመላለሰው ተማሪዋ አንተ ነህ ማለት ነው። እሑድ ቤት ነኝ። አንተ ደብተርህን ይዘህ ቅርና ሽማግሌዎቹን ላክልኝ።»