የዳማከሴ ላብ

ሞጣ ከምሠራበት ላቦራቶሪ አንዲት ሴት ለደም ምርመራ ጣቷን ስትዘረጋልኝ መዳፏ ዳማከሴ ዳማከሴ ሸተተኝ። አፍንጫ የሚሰነፍጥ፣ የእርጥብ ቅጠል ሽታ ነው። መርፌዋን እንደያዝሁ ትንሽ ቆየሁ። ሴትየዋ የፈራሁ መስሏት "አይዞሽ፣ ውጊኝ" አለችኝ። ሳቄ መጣ፤ ዕንባዬም ተከትሎ መጣ።

ልጅ ሳለሁ ቢቸና፣ ዳማከሴው ከጓሯችን አጥር ሥር ነበር። ምች መታኝ ያለ ጎረቤት ሁሉ እናቴ ዘንድ ይመጣል። ታላቅ እህቴ ያኔ ዓባይ በረሃ ወርዳ ታስተምር ነበር። አንድ ጊዜ ለበዓል ስትመጣ ጥርሷ እየተንገጫገጨ ገባች። እናቴ ቅጠሉን አሽታ ጨመቀችላት፤ ጥቂት በአፍንጫዋ፣ የቀረውን በአፏ። ጋቢ ደራረበችባትና በሩን ዘጋች። ምች የመታው ሰው ፀሐይ አያይማ!

ግቢያችን ውስጥ ከሌላ አገር የመጣ ነርስ ተከራይቶ ይኖር ነበር። ደጃፉ ላይ ቆሞ፣

"እማማ፣ ከቆላ ነው የመጣችው። ወባ እንዳይሆን ደሟ ይታይ" አለ።

"በዚህ ፀሐይ አውጥቼ ልግደላት? ምች ደግሞ መርፌ አይወድም፣ ልጄ።"

"እንግዲያው ካልተሻላት ራሴ ይዣት እሄዳለሁ።"

ከሰዓት በኋላ እህቴን ላብ አጠመቃት። ትኩሳቱ ለቀቃት፤ ተነሥታ እንጀራ በሽሮ በላች፣ በሹሩባዬም አሾፈችብኝ። ደስታዬን አልቻልሁትም። ሮጬ ነርሱን "ጋሼ፣ ድናለች! መርፌህን ለሌላ አስቀምጥ" አልሁት። እሱም ስቆ አመነኝ፤ በማግሥቱ ለሥራ ወደ ገጠር ወጣ።

እህቴ በማግሥቱም ደህና ዋለች። በሦስተኛው ቀን ብርዱ ተመለሰ። እናቴ እንደገና ጨመቀች፣ በሩን እንደገና ዘጋች። ቅጠሉን እየቀነጠስሁ የማመጣው እኔ ነበርሁ። ነርሱ ከገጠር ሲመለስ እህቴ ማንንም አትለይም ነበር። በቃሬዛ ሲያወጧት ፀሐዩ ፊቷ ላይ አረፈ። እናቴ ነጠላዋን ዘርግታ ልትጋርዳት ከጎን ከጎኗ ትሮጥ ነበር። ጤና ጣቢያ ደሟ ሲታይ ወባ ሆኖ ተገኘ። አልተረፈችም።

የወባ ትኩሳት በራሱ ጊዜ በላብ ይወርዳል፤ ቀን አሳልፎ ይመለሳል። ይህን ዛሬ ተምሬ አውቄዋለሁ። ያኔ ግን ላቡን ለዳማከሴው ሰጠነው። ቅጠሉን አልጠላሁትም፤ ጉንፋንና ራስ ምታት ሲያስታግስ እኔም አይቻለሁ። የጠላሁት "ድናለች" ያለውን አፌን ነው።

እናቴ አሁን ከእኔ ጋር ሞጣ ትኖራለች። ስለዚያ ቀን ተነጋግረን አናውቅም። ባለፈው ክረምት ማብቂያ ብርድ ብርድ አላት። ከሥራ ስገባ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ፀሐይ አልጋዋ ድረስ ገብቷል። በአንድ እጇ የዳማከሴ ቅጠል ይዛለች። አላሸችውም። ሌላኛውን እጇን ዘረጋችልኝ።

"መጀመሪያ ደሜን እዪልኝ" አለች። "ከዚያ ትጨምቂልኛለሽ።"