ሂንድያን የምገፋት እኔ ነበርኩ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኩን ይዞ መጣና «እማዬ፣ እዚህ ሄደሽ ታውቂያለሽ?» አለኝ። ቪዲዮ ነው፤ ከአሰንዳቦ ወረድ ብሎ ያለው የግድብ ሐይቅ፣ መሃሉ ላይ አንዲት ትንሽ ደሴት፣ ከጀልባው መውረጃ እስከ ሻይ ቤቱ በረንዳ የተዘረጋ የሲሚንቶ መንገድ። አንድ ወጣት ዊልቸሩን በገዛ እጁ እያሽከረከረ ሽቅብ ይወጣል፤ ጓደኞቹ በረንዳው ላይ ዓሣ እየበሉ ይጠሩታል።

«አውቃታለሁ» አልኩት። እንዴት እንደማውቃት አልነገርኩትም። እዚያች ደሴት ላይ የቀናሁትን ያህል በሕይወቴ ቀንቼ አላውቅም።

ሂንድያና እኔ ጅማ አንድ ግቢ ውስጥ ነው ያደግነው። በልጅነቷ በያዛት ሕመም እግሮቿ አይታዘዙላትም፤ በእጅ በሚዞር የስፌት መኪና ግን ሰፈሩን ሁሉ የምታለብስ ልብስ ሰፊ ነበረች። ዊልቸሯን የምገፋው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ልግፋላችሁ ሲል ደስ አይለኝም ነበር። ገና ኮረዶች ሳለን እሁድ እሁድ ከተማ እንወጣለን። እኔ የጅማን ካፌዎች የማውቃቸው በኬካቸው ሳይሆን በደረጃቸው ነበር። አንደኛው በሩ ላይ ገደል የሚያህል ደረጃ አለው። ሌላው ደረጃ የለውም፣ በሩ ግን ለወንበሩ ይጠብባል። ስለዚህ ዞረን ዞረን የምንገባው ያው አንድ ቤት ነው፤ የአቮካዶ ጁሱ ውሃ የበዛበት፣ በሩ ግን ሰፊ። «ዛሬስ የት እንሂድ?» ትለኛለች፤ የምመልሰው እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ሰው ቆም ብሎ «መሻአላህ፣ እህትማማቾች ናችሁ?» ሲለን ከእሷ ቀድሜ «አዎ» እል ነበር።

አንድ ዓመት ዝናቡ ባቆመ ሰሞን አንዲት ደንበኛዋ ስለ ደሴቷ አወራቻት። እኔ አልወደድኩትም።

«ጭቃ ነው። ጀልባውስ? እንዴት ልትሆኚ ነው?»

«ቶሌ፣ እሺ፣ ካልሆነ ከዳር ሆነን ውሃውን አይተን እንመለሳለን» አለች።

ሚኒባሱ ላይ ወንበሩን ረዳቱ ጣሪያ ላይ አሰረው። ሰርቦ ላይ በመስኮት የተጠበሰ በቆሎ ገዛን። ጤፉ ገና አረንጓዴ ነበር፤ በየድንበሩ ቢጫ አበባ ፈክቷል። አሰንዳቦ ወርደን ወደ ሐይቁ ስናቆለቁል ጎማው በጭቃ ተያዘ። ገፋሁ፣ ላበኝ፣ ነጠላ ጫማዬ ተበጠሰ። ያኔ እንዴት ደስ ብሎኝ እንደነበር!

ውሃው ዳር አንዲት ሴት ጀልባ ይዛ ቆማለች። ታደለች ትባላለች። ዓሣ አስጋሪ ከሆነው ባሏ ጋር ከወላይታ መጥታ ደሴቷ ላይ ሻይ ቤት የከፈተችው እሷ ናት። እኔን አላየችኝም። ሂንድያ ፊት ቁጢጥ አለችና «እህቴ፣ እንዴት ልያዝሽ?» አለቻት።

«ከጀርባዋ ነው የምትያዘው» አልኩ እኔ።

ታደለች ቀና ብላ ፈገግ አለችልኝና እንደገና ወደ ሂንድያ ዞረች። መልሱን የምትጠብቀው ከእሷ ነበር።

«ሳንቃ ካለ ራሴ እገባለሁ» አለች ሂንድያ።

ሳንቃ ነበር። ታደለች አጋደመችው፤ ሂንድያ ጎማውን በእጇ እየገፋች ጀልባው ውስጥ ገባች። እኔ ሁለት እጄን የማደርግበት ጠፍቶኝ ዳር ላይ ቆሜ ቆየሁና ከኋላ ገባሁ።

ደሴቷ ላይ ደግሞ ባሰ። የታደለች ባል አንድ እግሩን አጥቶ በክራንች ነው የሚሄደው። ለእሱ ሲባል ሻይ ቤቱ ደረጃ አልተሠራለትም፤ መንገዱ ሁሉ የቡና ገለባ ፈሶበት፣ ተረግጦ ጠጥሯል። ሂንድያ ጎማውን አንዴ ነካ አደረገችውና ሄደች። ታደለች ከጎኗ እየተራመደች፣ እጇን ወንበሩ ላይ ሳታሳርፍ፣ አንድ ትልቅ ዋርካ ጋ ሲደርሱ ተሰወሩ። ሳቃቸው ይሰማኛል፤ የሚያስቃቸው ነገር ግን አይሰማኝም። የተጠበሰው ዓሣ ከነዳጣው መጣ። አፌን አቃጠለኝ፤ ዓይኔ እንባ ሲያቀርር በዳጣው አሳበብኩ።

ሂንድያ በሌላው በኩል ብቅ አለች። መዳፏ ጠቁሯል፣ ፊቷ በርቷል።

«ዙሪያዋን ዞርኳት! ማንም ሳይገፋኝ!»

«ዓሣሽ ቀዘቀዘ» አልኳት።

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

«ምን ሆነሻል?»

«ምንም።»

«ወላሂ ቀንተሻል» አለችና ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

በሚቀጥሉት እሁዶች ብቻዋን ትሄድ ጀመር። ዓመቱ ሳያልቅ አሰንዳቦ ቤት ተከራይታ የተማሪ ዩኒፎርም መስፋት ጀመረች። «እዚህ ሥራም አለ፣ ሐይቁም አለ» ብላ ላከችብኝ። ከሁሉም አፍ የምሰማው «ታደለችና ሂንድያ፣ ታደለችና ሂንድያ» ነበር። አንድ እሁድ ተናድጄ እዚያ ባለ ደረጃው ካፌ ገባሁ። ደረጃውን ዘልዬ ወጣሁት። ኬኩ ያማረ ነበር፤ ግማሹን ትቼው ወጣሁ።

ወራት አለፉ። እኔም ኮራሁ፣ ሳልሄድ ቀረሁ። አንድ ቀን በራችን ላይ ባጃጅ ቆመ። ሾፌሩ ወንበሩን አውርዶ ሲዘረጋ አየሁ። አንድ ግቢ ሳለን እንኳ እኔ ወደ እሷ እሄድ ነበር እንጂ እሷ ብቻዋን ወደ እኔ መጥታ አታውቅም።

«ስትመጪ ብጠብቅ ብጠብቅ ሰለቸኝ» አለች።

«ታደለች አለችልሽ አይደል?»

«አለች። ጥሩ ሰው ናት። ግን ሰዓዳ፣ ታደለች እናቴን አታውቃትም። ትናንት በሕልሜ መጥታብኝ ለማን ልንገር?»

እናቷ የሞቱት ሁለታችንም ልጆች ሳለን ነበር። እስከዚያ ሁለታችንንም ያሳደጉን እሳቸው ናቸው። በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ሕልሟን እስከ መጨረሻው ሰማኋት፤ ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን።

ይህ ከሆነ ስንት ዘመን አለፈ። እኔ አግብቼ ወለድኩ፤ ሂንድያ ዛሬም አሰንዳቦ ናት። ቅናት በዕድሜ ይለቃል ሲሉ እሰማለሁ። የእኔው ለስላሳ ሆኗል እንጂ አልለቀቀኝም፤ ስለማልጎዳበት እኔም እንዲለቀኝ አጥብቄ አልለመንኩም። የልጄን ቪዲዮ ካየሁ በኋላ ደወልኩላት።

«መንገዱን ሲሚንቶ አደረጉት አይደል?»

«ታደለች ናት ያሠራችው! አይተሽው? ለምን አትመጪም?»

ከኋላዋ የታደለች ድምፅ «ሰዓዳ ናት? ሰላም በያት!» ሲል ተሰማኝ። ደረቴ ላይ ያች የድሮዋ ነገር ቆንጠጥ አደረገችኝ።

«ሰላም በያት» አልኩ። «እሁድ እመጣለሁ። ደግሞ ሂንድያ… ታደለች ገበያ የምትሄደው ስንት ሰዓት ላይ ነው?»

ሂንድያ ስልኩን ይዛ ሳቀች። በዚህኛው ጊዜ ግን እኔም ሳቅኩ።