ዘጠኝ ቀን የጎረሰው ጠመንጃ

አታምኑኝም፤ ቢሆንም እናገራለሁ። ሁለቱም ዓይናቸው በሞራ የተጋረደ፣ የሻይ ብርጭቆ እንኳን በዳበሳ የሚያነሱ ሽማግሌ፣ እኔ በሁለት ጤነኛ ዓይኖቼና ባትሪ በሚበላ ማነጣጠሪያ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያላየሁትን ነገር አዩ። ባያዩልኝ ኖሮ ዛሬ እኔ እስር ቤት፣ ጓደኛዬ ሙሌ አፈር ውስጥ ነበርን።

ነገሩ የሆነው ዘንድሮ፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው እሁድ፣ እዚህ ውጭ አገር፣ ሳክሲ በምትባል ከተማ ባለው ቤቴ ሳሎን ውስጥ ነው። እኔ ቀልደኛ ነኝ፤ ለቅሶ ቤት ሰው አስቄ ከድንኳን የተባረርኩ ሰው ነኝ። ይሄኛውም ሲጀመር ቀልድ ነበር። ሲያልቅ ግን አልነበረም፤ ለዚህ ነው ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለኝ።

ከጠመንጃው ልጀምር። ሰሚ አውቶማቲክ ራይፍል ነው፤ ያገለገለ፣ ከሱቅ በሕግ በወረቀት የገዛሁት። ስገዛው ራቁቱን ነበር። ማነጣጠሪያ የለው፣ ማንገቻ የለው፣ መብራት የለው። ሻጩ ሙሉ ዕቃውን ልግጠምልህ ብሎ ዋጋውን ሲነግረኝ ሳቅኩበት። "ወንድሜ፣ እኔ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የምነዳ ሰው ነኝ፤ ቢሆንም ዕቃ መግጠም ማንም አያስተምረኝም" አልኩት በልቤ። በአፌ ያልኩት "ኖ ታንክ ዩ" ነው።

እውነቴን ነው፣ እጄ ወርቅ ነው። የመኪናዬን ፍሬን ራሴ ነኝ የምቀይረው። ኤሲው ሲበላሽ ዩቱብ ከፍቼ ራሴ ሠርቼዋለሁ፤ ባለሙያው ሲመጣ አይቶ "ማነው የሠራው?" ብሎ ጠይቋል። ሶ፣ ጠመንጃ ምን ያቅተኛል?

ሬድ ዶት የሚሉትን፣ በመስተዋቱ ስታይ ቀይ ነጥብ የሚያሳይህን ማነጣጠሪያ፣ ኦንላይን በቅናሽ አዘዝኩ። ፍላሽላይትና ሌዘር አንድ ላይ በአንድ ሳጥን መጡ። ከፊት የሚጨበጠውን እጀታ፣ አንድ ሰው ለጠመንጃው አልገጥም ብሎት የሚሸጠውን፣ ሌክ ሃይላንድስ የሚባል ሰፈር ሄጄ ከአፓርትመንቱ በር ላይ ተቀበልኩት። ማንገቻውን ደግሞ ስሙኝ፦ ከኢትዮጵያ ስንመጣ ሻንጣ ያሰርንበት ሰፊ ቀበቶ ነበር፤ ቆርጬ ሰፋሁት። ለጉንጭ ማስደገፊያ አሮጌ ነጠላ ጫማ ከርክሜ ሰደፉ ላይ አጣበቅኩ። ብሎኑን ሁሉ ያጠበቅኩት የመጽሐፍ መደርደሪያ ስገጣጥም በተረፈችኝ የታጠፈች ቁልፍ ነው። ጠቅላላ ወጪዬ አንድ የመኪና ጎማ አይገዛም።

ባለቤቴ አልማዝ ግን ከመጀመሪያው አልወደደችውም። "ልጅ ያለበት ቤት ነው" ትለኛለች። ልጅ የምትላት ሊያን ነው፤ ሊያ ኮሌጅ የጨረሰች፣ ከእኔ በላይ ታክስ የምትከፍል ልጅ ናት። ብጨቃጨቅ፣ ብጨቃጨቅ አልሆነም፤ በመጨረሻ አልማዝ "ኦኬ፣ አባዬ ይፍረድ። እሱ ይኑር ካለ ይኑር፤ ይውጣ ካለ ግን ይወጣል" አለች። ተስማማን።

አባቷ አባባ ደምሴ ለዓይን ኦፕራሲዮን ከምንጃር ከመጡ ሦስተኛ ሳምንታቸው ነበር። በወጣትነታቸው ሚሊሻ ነበሩ፤ ጠመንጃ ትራሳቸው ነበር። እኔም ፍርዱ የእኔ እንደሆነ እርግጠኛ ነበርኩ። ጠመንጃ የሚጠላ የምንጃር ሰው አሳዩኝ!

ከፍርዱ ቀን በፊት ባለው ሳምንት ዓርብ፣ ሙሌና እኔ ሬድ ዶቱን ልናስተካክል ሄድን። ሙሌ የሃያ ዓመት ጓደኛዬ ነው። አሠሪው ከማኪኒ ከተማ ወዲያ ሰፊ እርሻ አለው፣ እዚያ እንድንተኩስ ፈቅዶልናል። እተኩሳለሁ፣ አስተካክላለሁ፣ እተኩሳለሁ። ልክ እጄ እየሞቀ ሲመጣ ሰማዩ አረንጓዴ ሆነ። እዚህ አገር የኖረ ያውቀዋል፤ አረንጓዴ ሰማይ ማለት በረዶ ነው፣ በረዶ ማለት መኪናህ ወንፊት ሆነች ማለት ነው። እንቁላል የሚያህል የመጀመሪያው የበረዶ ፍሬ የመኪናዬ ጣሪያ ላይ ጓ! ሲል፣ ምላጩ እንዳይሳብ ጠመንጃውን ሎክ አድርጌ፣ የጥይት ካዝናውን ነቅዬ ኪሴ ከትቼ፣ ጠመንጃውን ቦርሳው ውስጥ ወርውሬ፣ ነዳጅ ማደያ ጣሪያ ፍለጋ ነዳሁ። መኪናዋ ተረፈች። ሙሌ ላይ ስንት ቀን ፎከርኩ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሥራ መልስ ጋራዥ ውስጥ ቁጭ ብዬ የቀረውን ዕቃ ገጠምኩ። መብራቱን፣ ሌዘሩን፣ እጀታውን፣ ማንገቻውን፣ ነጠላ ጫማውን። ዘጠኝ ቀን። ምላጩን ግን አልነካሁትም፤ ለምረቃው ቀን አስቀምጬው ነበር። እንግዳ ፊት አነጣጥሬ፣ ቀጭ አድርጌ፣ ጭብጨባ ልቀበል።

እሁድ ምሳ በልተን አበቃን። ሳሎን ውስጥ አባባ ደምሴ ሶፋው ላይ ዱላቸውን ጉልበታቸው መሀል አድርገው፣ አልማዝና ሊያ አጠገባቸው፣ ሙሌ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ጋ ቆሞ ጥርሱን ይጎረጉራል። እኔ ከጋራዥ ጠመንጃውን አንግቼ እንደ ሙሽራ ገባሁ።

"እልል በሉ እንጂ!" አልኩ።

"የሻንጣ ማሰሪያዬ!" አለች አልማዝ።

"ሻንጣው የት ሊሄድ ነው? አንቺ እንደሆንሽ እኔን ጥለሽ አትሄጂ።"

ሙሌ ሳቀ። "ግርማ፣ እውነት ያቺ ነጠላ ጫማህ ናት? ሻወር የምትገባባት?"

"አጥቤያታለሁ!"

ሌዘሩን አበራሁ። ቀዩን ነጥብ ግድግዳው ላይ አስኬድኩት፣ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ከዚያ ሙሌ ሸሚዝ ላይ አሳረፍኩት። ልክ ሁለተኛው ቁልፍ ላይ። ሙሌ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቀለ።

"ተማርኬያለሁ ጌታዬ! ሚስቴንም ውሰዳት!"

ሁላችንም ሳቅን። ሎኩን ከፈትኩ። "አሁን ዝም በሉ፣ ምላጩ ቀጭ ሲል ስሙልኝ፤ ቅቤ ነው" አልኩ። ጣቴ ምላጩ ላይ ገባ።

"ወዴት ነው ያዞርከው?" አሉ አባባ ደምሴ።

ቀስ ብለው ነው የጠየቁት። ሙሌ እጁን እንደሰቀለ "ወደ እኔ ነው አባባ፤ ደረቴ ላይ አምፖል አብርቶብኛል" አላቸው።

"ተከፍቶ ታይቷል?"

"ባዶ ነው አባባ፣ ካዝናው የለበትም" አልኳቸው። "ይኸው ኪሴ ውስጥ ነው፣ ዳብሱት ከፈለጉ።"

"ካዝናው ሆዱ ነው። እኔ የጠየቅኩህ አፉን ነው።" ዱላቸውን ወለሉ ላይ አንዴ መቱ። "በእኛ አገር ጠመንጃ ይዞ ቤት የገባ ሰው፣ አፉን ለሰላምታ ከመክፈቱ በፊት ጠመንጃውን ይከፍታል። ታላቅ ሰው ጣቱን ጠመንጃው ውስጥ ከትቶ ባዶነቱን ሳያረጋግጥ ደግሞ ጠመንጃ ወደ ሰው አይዞርም። አምጣው።"

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልቤ ትንሽ አዘነላቸው። ሞራ የጋረዳቸው ሽማግሌ ምን ሊያዩ ነው? ሙሌን ጠቀስኩት። ለእሳቸው ክብር ብዬ፣ ጣቴን ከምላጩ አውጥቼ፣ ሎኩን መልሼ፣ ጠመንጃውን እጃቸው ላይ አኖርኩት።

መጀመሪያ አፈሙዙን በእጃቸው ፈልገው ወደ ጣሪያ አቀኑት። ከዚያ ዕቃውን አንድ በአንድ ይዳብሱ ጀመር።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"መብራት ነው አባባ።"

"ይሄስ?"

"ሌዘር ይባላል። ጥይቱ የሚያርፍበትን ያሳያል።"

"ይሄ ለስላሳውስ?"

አልማዝ ሳቋን መያዝ አቅቷት "ነጠላ ጫማ ነው" አለች።

"ልጄ፣ ይሄ ጠመንጃ ነው የሙሽራ በቅሎ?" አሉኝ። ሙሌ ሆዱን ይዞ ተንከተከተ። እኔም ሳቅኩ፤ ጥሩ ቀልድ አውቃለሁ።

"ማቀባበያው የታለ?" አሉ።

እሳቸው የሚያውቁት ክላሽንና ምንሽርን ነው፤ የእኔው ማቀባበያ ከኋላ ነው። እጃቸውን ይዤ አሳየኋቸው። ያዙት። ሳቡት።

አንድ ነገር ዘለለ። ወለሉ ላይ ጠጭ አለ፣ ነጠረ፣ ተንከባለለና የአልማዝ እግር ጋ ሲደርስ ቆመ።

ጥይት ነው። ሙሉ ጥይት። ቢጫ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ጫፉ ሹል።

ሙሌ እጁን ከሰቀለበት አላወረደውም፤ አሁን ግን ቀልዱ ፊቱ ላይ አልነበረም። አባባ ደምሴ በትንሽ ጣታቸው የጠመንጃውን ውስጥ ዳበሱ፤ ባዶ መሆኑን አረጋገጡና ጠመንጃውን ጎናቸው አስተኙት። ከዚያ መዳፋቸውን ዘረጉ።

"ስጡኝ" አሉ።

አልማዝ አንስታ ሰጠቻቸው።

"ዳዲ" አለች ሊያ፣ "ሎድድ ነበር? ማለቴ... ጥይት ጎርሶ ነበር እንዴ?"

ሰሚ አውቶማቲክ ማለት እኮ አንዱ ሲተኮስ ቀጣዩን ራሱ የሚያጎርስ ማለት ነው። ይሄን ለሥራ ጓደኞቼ ሁሉ የማስተምር እኔ ነኝ! ያን ዓርብ በበረዶ ስሮጥ ካዝናውን ነቀልኩ፤ ቀድሞ የጎረሰው ግን እዚያው አፉ ውስጥ ቀረ።

"ስንት ቀን ሆነው?" አሉ አባባ ደምሴ።

"ዘጠኝ" አልኩ።

ዘጠኙ ቀን አንድ በአንድ ዓይኔ ላይ መጣ። መብራቱን ስገጥም ጠመንጃውን ጭኔ መሀል ይዤው ነበር፤ አፈሙዙ አገጬ ሥር። እጀታውን ሳጠብቅ ጠረጴዛው ላይ አጋድሜ ወደ ግድግዳው አዙሬው ነበር፤ ከግድግዳው ወዲያ ሊያ ናት የምትተኛው። ከሁሉ የባሰውን ልንገራችሁ? አንድ ቀን በአፈሙዙ በኩል፣ ዓይኔን ቀዳዳው ላይ ለጥፌ፣ ውስጡን አይቻለሁ። ጨለማ ሆነብኝ፤ ብርሃን አያሳልፍም። "ቆሽሿል" ብዬ ማጽጃ ኦንላይን ስፈልግ አመሸሁ። ጥይቱን እያየሁት ነበር! ዓይን ለዓይን!

ምንጣፉ ላይ ቁጭ አልኩ። ሙሌም እዚያው ቴሌቪዥኑ ሥር ቁጭ አለ። ተያየን።

"ልትስበው ነበር" አለኝ።

"አዎ።"

"ሦስት ልጆች አሉኝ ግርማ።"

ይሄን ብቻ ብሎ ተነሳ፣ የመኪናውን ቁልፍ ፈለገ፣ አጣው፤ እጁ ላይ ነበር። ወጣ። መኪናው ውስጥ ብዙ ሰዓት ሳያስነሳት ቁጭ ብሎ በመስኮት አየሁት። ወጥቼ ላናግረው በሩ ድረስ ሄድኩና ተመለስኩ።

አልማዝ ወደ አባቷ ዞረች። "በል አባዬ፣ ፍረድ" አለች።

ይውጣ ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። እኔ ራሴ ይውጣ ልል ነበር። አባባ ደምሴ ግን ጥይቷን በጣታቸው እያሹ "ጠመንጃው ምንም አልሆነም" አሉ። "ባለቤቱ ነው ገና ያልተገጠመው። ጠመንጃው ይቆለፍ፤ ቁልፉ አንቺ ጋ ይሁን። እሱ እስኪማር።"

በማግሥቱ ከሥራ ስመለስ ጠሩኝ። ዓይኔን በፎጣ አሰሩኝ። ስድሳ ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም፣ ሳሎኔ ውስጥ ዓይኔን ታስሬ፣ ባዶ ጠመንጃ በዳበሳ ስከፍት፣ ትንሽ ጣቴን ስከት፣ "አፉ ባዶ ነው" ብዬ ጮክ ብዬ ስናገር አመሸሁ። ስሳሳት ዱላቸው ጉልበቴን ታገኘዋለች። ሁለት ሳምንት ሙሉ! ከዚያም ደግሞ ራሴ ሄጄ፣ ከፍዬ፣ ሴፍቲ ክላስ የሚሉትን የጠመንጃ ጥንቃቄ ትምህርት ገባሁ። ፊተኛው ወንበር ላይ ነበር የተቀመጥኩት። አንድም ቀልድ አልቀለድኩም፤ አስተማሪው ያመመኝ መስሎት ውሃ አመጣልኝ።

አሁን የሚሰማኝ ምንድን ነው? እጄ አሁንም ወርቅ ነው፣ እሱን አልክድም። ያ ሁሉ ዕቃ ዛሬም አንድ ብሎን አልላላበትም። ብቻ አንዳንዴ ፎርክሊፍቱ ላይ ቁጭ ብዬ ዕቃ ሳነሳ፣ ድንገት ያቺ የሸሚዝ ቁልፍ ትመጣብኛለች፤ ቀይ ነጥቡ ያረፈባት። ማሽኑን አቁሜ እስኪያልፍልኝ እጠብቃለሁ። ምላጩ ላይ የነበረው ጣት የእኔ ጣት ነው፤ ሌላ ሰው የለም የምከሰው።

ሙሌ በሦስተኛው ሳምንት ተመልሶ መጣ። በሩን ስከፍትለት አቀፈኝ፣ ከዚያ "ዕቃ ካለህ መጀመሪያ ክፈተው" አለኝ። እንደዚያ አልቅሼ አላውቅም።

እንግዲህ ቀልደኛ ስለሆንኩ ፈጠረው የምትሉ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ። ጋርላንድ ያለው ሐበሻ ግሮሰሪ ቅዳሜ ጠዋት ሙሌን አታጡትም፤ ወፍራም፣ ራሰ በራ፣ ሳቂታ ነው። ሂዱና ጠይቁት። በሕይወት ስላለ ይመልስላችኋል።