አይተሽ አጥፊው ያለችኝ ፎቶ

ታላቅ እህቴ በአንድ የአረብ አገር፣ በሰው ቤት መሥራት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። እዚያ አገር ክርስቲያን ነኝ ማለት ብዙም አያስጠይቅም፤ ቤት ውስጥ ተሰብስቦ ማምለክ ግን ያሳስራል፣ ያስባርራልም። እሷና አሥር የሚሆኑ የአገር ልጆች ዓርብ ከሰዓት፣ ዕረፍት ሲያገኙ፣ በአንዷ የኪራይ ክፍል ይገናኛሉ። አንድ ላይ አይገቡም፣ አንድ ላይ አይወጡም። ሲዘምሩ ቴሌቪዥኑን ከፍ ያደርጉና እነሱ በሹክሹክታ ይዘምራሉ።

አንድ ዓርብ ፎቶ ላከችልኝ። ከመካከላቸው አንዲት ልጅ በመታጠቢያ ገንዳ ተጠምቃ ፀጉሯ ውኃ ያንጠባጥባል፤ እህቴና ሌሎቹ ከበዋት ይስቃሉ። ከሥሩ «አይተሽ አጥፊው» ብላ ጽፋለች።

አላጠፋሁትም። እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አየሁት። ደስታው ለብቻዬ በዛብኝና ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ላለችው ቤተ ክርስቲያናችን ፓስተር ላክሁላቸው። «ለጸሎት ብቻ» ብዬ።

እሑድ ፓስተሩ በእምነታቸው ስለሚሰደዱ ክርስቲያኖች ሲያስተምሩ ፎቶው በትልቁ ስክሪን ላይ ወጣ። «እነዚህ እህቶቻችን ናቸው» አሉ፤ የከተማውንም ስም ጠሩ። ጉባኤው «አሜን» አለ። አጠገቤ ያሉት ሴትዮ እንባቸውን ይጠርጋሉ። እኔ የማየው ካሜራውን ነበር። አምልኳችን በየሳምንቱ በቀጥታ በኢንተርኔት ይተላለፋል።

እንዴት እንደተነሣሁ አላውቅም። ከአዳራሹ ኋላ፣ ኮምፒውተሩ ጋ ተቀምጦ ስርጭቱን ወደሚመራው ወንድም ሄድኩ።

«ላይቩን ዝጋው።»

«ፓስተር እያስተማሩ እኮ ነው።»

«የእህቴ ፊት ነው! ዝጋው!»

ሰው ሁሉ ዞር አለ። ወንድምየው ገመዱን ነቀለው፤ ስክሪኑ ጨለመ። ግን ቪዲዮውን ሼር ያደረጉ ነበሩ።

ፓስተሩ ከመድረክ ወርደው መጡ።

«ለጸሎት ብቻ ብዬዎት ነበር» አልኳቸው።

«ጉባኤው እንዲጸልይላቸው ብዬ ነው፣ ልጄ» አሉ። ከልባቸው ነበር። እዚያው ቆመው ቪዲዮውን ላጋሩት ሰዎች አንድ በአንድ እየደወሉ እንዲያጠፉት ለመኑ። ልቆጣቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን መጀመሪያ ያወጣሁት እኔ ነኝ።

እህቴ ጋ ደወልኩ፤ አታነሣም። ቤልትዌይ የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዤ ስመለስ፣ ቤት ስገባ፣ ራት ሳልበላ ስቀር፣ አታነሣም።

ሰኞ ረፋድ ላይ፣ ዊተን በምትባል ሰፈር በሥራዬ የምንከባከባቸውን አሮጊት ቁርስ እያበላሁ ሳለ ደወለች። አሠሪዎቿ ቤት እንግዶች ስለነበሩ እመቤቲቱ ስልኳን ወስዳባት ነው። የሆነውን ሁሉ ነገርኳት። 

«አዲስ የተጠመቀችው ልጅ ፊት ይታያል?» አለችኝ።

«ይታያል።»

«አጥፊው ብዬሽ አልነበር?»

«ብለሽኛል።»

ስልኩን ዘጋችው። አሮጊቷ እጄን ያዝ አድርገው «ምን ሆንሽ?» አሉኝ በእንግሊዝኛ። ማንኪያውን አንሥቼ ማብላቴን ቀጠልኩ።

እህቴ ለጓደኞቿ እውነቱን ነገረቻቸው። ክፍሉን የተከራየችው ልጅ በዚያው ሳምንት ቤት ለቀቀች። ዓርብ መገናኘት ቀረ። ከመካከላቸው ሁለቱ ከእህቴ ጋር መነጋገር አቆሙ፤ እሷም አልፈረደችባቸውም። በር በተንኳኳ ቁጥር ፖሊስ ይመስላት እንደነበር የነገረችኝ ግን በኋላ ነው። ያኔ የምታወራኝ ስለ አየሩና ስለ እናታችን ጉልበት ብቻ ነበር።

ፓስተሩ ይቅርታ ሊጠይቋት ፈለጉ፤ እሷን አስፈቅጄ አገናኘኋቸው። ስፒከር ላይ ስለነበር ሰማሁ።

«ይቅር ብያለሁ፣ አባቴ» አለቻቸው። «ግን ስለ እኛ ሲጸልዩ ከተማውን አይጥሩ። እግዚአብሔር አድራሻችንን ያውቀዋል።»

ፓስተሩ ቀና ማለት አልቻሉም። ከዚያ ወዲህ ስለ እንዲህ ያለ ነገር ስንጸልይ ካሜራው ይዘጋል፤ ስምም ቦታም አይነገርም።

የታሰረ ሰው የለም። ሁለት ወር ያህል ቆይተው፣ ለሁለት ተከፍለው እንደገና መገናኘት ጀመሩ። የተጠመቀችውም ልጅ ከእህቴ ጋር ናት። ይህን የነገረችኝ ስለ ሌላ ነገር እያወራን፣ እንደ ዘበት ነው። የትና መቼ እንደሚገናኙ አልነገረችኝም። እኔም አልጠየቅኋትም።