ሰባ ስምንተኛው ቀን

የመጀመሪያ ልጄ የሞተችው በተወለደች በሰባ ስምንተኛው ቀን ነው። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሣው በሰማንያ ቀኗ ስለሆነ ሁለት ቀን ቀርቷት ነበር። ነጭ ልብሷ ተሰፍቶ፣ ክርስትና እናት የምትሆናት ጎረቤታችን ተነግሯት፣ ጠላው ተጠንስሶ ነበር። ቀኑ የጾመ ፍልሰታ ፍቺ ላይ ስለዋለልን ሰው ሁሉ «ዕድለኛ ናት» ይለን ነበር።

ዘጠናዎቹ ሲገቡ ነው። እኔና ባለቤቴ ከወገዳ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ በሚርቅ የስማዳ ገጠር አስተማሪዎች ነበርን። ያን ቀን ጧት ልጅቷ ጡት እምቢ አለች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል፤ ስትተነፍስ ጎኗ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። እየባሰባት ሲሄድ ረፋዱ ላይ አዝዬአት ወጣን። ወደ ወገዳ ጤና ጣቢያ የሚወስደው መንገድ በደብራችን በር ነው የሚያልፈው፤ ከዚያ ስንደርስ እኩለ ቀን ሆኖ ካህናቱ ቅዳሴ ሊገቡ ነበር። እኔ ገና አራስ ስለሆንሁ ቅጥሩን መግባት አልችልም፤ በር ላይ ቆምሁ። ባለቤቴ ገብቶ የንስሐ አባታችንን ጠራቸው።

«ምን ሆነች?» አሉ እየተቻኮሉ።

«ትንፋሿ አስቸገራት፤ ወገዳ ልንወስዳት ነው።»

መታቀፊያዋን ገለጥ አድርገው አዩዋት። «በይ ስጪኝ። ልጅ ሲታመም ቀን አይጠበቅም። ውኃውም ካህኑም አለ፤ አጥምቀናት፣ አቁርበናት ትሄዳላችሁ።»

ባለቤቴ ክንዴን ነካ አድርጎ «እንስጣቸው እንጂ» አለኝ።

እምቢ አልሁ። ለምን እምቢ እንዳልሁ ከዚያ ወዲህ ሺህ ጊዜ ራሴን ጠይቄአለሁ። መዘግየቱን ፈርቻለሁ፤ ቀዝቃዛ ውኃ በዚያች ደረት ላይ ሲፈስ ታይቶኝ ሰቅጥጦኛል። ከሁሉ በላይ ግን በኛ አገር ቀኗ ሳይደርስ ተጠመቀች ማለት ልትሞት ነው ማለት ነው። ልጄን ካስረከብሁ ሞቷን በገዛ እጄ የተቀበልሁላት መሰለኝ።

«ድና በቀኗ ትነሣለች አባቴ» አልኋቸው።

ከውስጥ ደወል ተደወለ። «እኔ አላስገድድሽም፤ ፈቃዱ ያንቺ ነው» አሉና ግንባሯን በመስቀላቸው ባርከው ተመለሱ።

ከደብሩ ወዲያ አንድ ሰዓት ያህል እንደሄድን ወንዙ ሞልቶ አገኘነው። በበጋ ተማሪዎቻችን እየዘለሉ የሚያልፉት ወንዝ ነው። ላይ አገር ዘንቦ ኖሮ ቀይ ደራሽ ውኃ ድንጋይ እያንከባለለ ይወርዳል። ባለቤቴ በእንጨት ሞከረው፤ እንጨቱን ነጠቀው። «መሻገሪያ ልፈልግ» ብሎ ሽቅብ ወጣ። እኔ ዳር ላይ ተቀመጥሁ። አንድ ሰዓት ጠበቅሁ፤ ከዚያም በላይ ጠበቅሁ። ቅዳሴው አልቆ፣ ሕዝቡ ተሰናብቶ፣ ሁሉ እቤቱ የሚገባበት ጊዜ ደረሰ። እኔ ጊዜ ላተርፍ ብዬ ነበር ሳላስጠምቃት ያለፍሁት።

ትንፋሿ እየራቀ ሲሄድ ምን እንደማደርግ ጠፋኝ። በእፍኜ ከዚያ ድፍርስ ውኃ ቀድቼ በራሷ ላይ አፈሰስሁ። «በስመ አብ» አልሁ፤ ደገምሁ «ወወልድ»፤ ሠለስሁ «ወመንፈስ ቅዱስ»። ፊቷን ጨምደድ አድርጋ ዐይኗን ከፍታ አየችኝ። የክህነት ሥልጣን የሌለው ሰው፣ ያውም ሴት፣ ያውም አራስ፣ ይህን ማድረግ እንደማይገባው አውቃለሁ። ባለቤቴ መሻገሪያ አጥቶ ሲመለስ ነፍሷ ወጥታ ነበር። ያደረግሁትን አልነገርሁትም።

ፍትሐት አልተደረገላትም። የንስሐ አባታችን «ያልተጠመቀ አይፈታም» ሲሉ የሚያዩት መሬት መሬቱን ነበር። ከቅጥሩ ውጭ ከአንድ ጽድ ሥር ተቀበረች። ለሕፃን ሰው ብዙ አያለቅስም፤ ለቅሶ ደራሾቹ «እግዚአብሔር ሌላ ይስጥሽ» እያሉ በዚያው ዕለት ሄዱ። አርባዋ ሲደርስ ተዝካር የለም፤ በጸሎት ላይ የሚጠራ የክርስትና ስም እንኳ የላትም።

ከዚያ በኋላ መቀመጥ አቃተኝ። የጠረግሁትን ቤት ደግሜ እጠርጋለሁ። ትምህርት ሲጀመር ጥቁር ሰሌዳው ላይ ፊደል ጀምሬ ሳልጨርሰው ወጥቼ እሄዳለሁ፤ ልጆቹ ድምፃቸውን አጥፍተው ይጠብቁኛል። አንድ እሑድ ሰባኪው ያልተጠመቀ መንግሥተ ሰማያትን አያይም ብሎ ሲያስተምር ነጠላዬን ሰብስቤ ሕዝቡን እየገፋሁ ወጣሁ። አምላክ ለሰው ነጻ ፈቃድ ሰጥቶታል ሲባል ከልጅነቴ ጀምሮ እሰማለሁ። እሺ፣ እኔ ፈቃድ ነበረኝ። እሷስ? አንገቷ ገና ያልጠና ልጅ ምን መረጠች? እኔ መርጬ እሷ በውጭ ትቀራለች? ፍርድ ማለት ይህ ከሆነ ዳኛው ማን እንደሆነ አላወቅሁትም ማለት ነው። እንዲህ አስብና ደግሞ ያሰብሁት ያስደነግጠኛል፤ አማትቤ እነሣለሁ፤ መንገድ እጀምራለሁ፤ የት እንደምሄድ ግን አላውቅም።

ባለቤቴ አንድም ቀን አልወቀሰኝም። ይህ ባሰብኝ። አንድ ቀን ራት አቅርቤለት እያለ «እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ ብዬሽ ነበር በለኝ!» ብዬ ጮህሁበት።

«ብልሽ ትመለሳለች?» አለኝ። ምግቡን ሳይነካ ተነሥቶ ወጣ።

በጥቅምት የንስሐ አባታችን ቤት ሄድሁ። ከቀብሩ ወዲህ እቤታችን መጥተው አያውቁም፤ ለመስቀል እንኳ ጠበል ሊረጩን አልመጡም ነበር። አጥር ሲያጥሩ አገኘኋቸው። ሲያዩኝ የያዙትን ልጥ ጣሉት።

«ልትከሺኝ መጣሽ?»

«ማንን እንደምከስ አላውቅም አባቴ።»

ግንድ ላይ አስቀመጡኝና እሳቸው ቆመው ቀሩ። «እኔም አላረፍሁም» አሉ። «ፈቃዱ ያንቺ ነው አልሁሽ አይደል? ለፈቃድሽ ተጨንቄ እንዳይመስልሽ። ደወሉ ተደውሎ ነበር፤ ቅዳሴው እንዳይረፍድብኝ ነው። ከእጅሽ ነጥቄ ማጥመቅ ነበረብኝ።»

ይህን ከካህን አፍ እሰማለሁ ብዬ አልጠበቅሁም። እናደዳለሁ ስል ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አጠገብ የተቀመጥሁ መሰለኝ።

እስቴ ውስጥ የሚያስተምሩ፣ የንስሐ አባታችንንም በወጣትነታቸው ያስተማሩ የመጻሕፍት መምህር ነበሩ። «ሄደን የኔታን እንጠይቃቸው፤ እኔ ከዚህ በላይ አላውቅም» አሉኝ። ለባለቤቴ ስነግረው «ሂጂ» አለኝና በሶውን ራሱ ጨብጦ ለስንቅ አሰረልኝ። ሁለት ቀን ተጓዝን። የንስሐ አባቴ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፤ ገብሱ ዘለላው ማጎንበስ ጀምሮ ነበር። በሁለተኛው ቀን አንድ አቀበት ላይ ወንዝ ዳር ያደረግሁትን ነገርኋቸው።

ቆሙ። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«ስንት ጊዜ አፈሰስሽ?» አሉ።

«ሦስት ጊዜ።»

«ማን ነገረሽ?»

«ማንም አልነገረኝም። ሲደረግ አይቼ ነው።»

«ይህን አንቺው ንገሪያቸው» አሉኝና ተነሡ። «እኔ ደፍሬ አልፈርድም።» ከዚያ በኋላ ግን ከኋላቸው አላስኬዱኝም፤ ጎን ለጎን ሄድን።

የኔታ ከተማሪዎቻቸው ጎጆዎች አጠገብ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው የባቄላ እሸት እየፈለፈሉ ነበር። ትንሽ፣ ደቃቃ ሽማግሌ ናቸው። የመጣንበትን ሲሰሙ ተማሪዎቹን «ራቅ በሉ» አሉ። ከጧቱ ጀምሬ እስከ ወንዙ ድረስ ነገርኋቸው። ሳያቋርጡኝ እሸቱን ይፈለፍላሉ።

«ጥምቀቷ ይቆጠራል ወይ የኔታ?» ብዬ ጨረስሁ።

«አይቆጠርም» አሉ ወዲያው። «ሥልጣኑ የለሽም።»

እንዲህ ቁርጥ አድርገው ይሉኛል ብዬ አላሰብሁም። እንባዬ ሳይሆን ቁጣዬ መጣ። «እንግዲያው ልጄ ምን አድርጋ ነው? እኔ ነኝ እምቢ ያልሁት! ፍርዱ በኔ ይሁን እንጂ በእሷ ለምን ይሆናል?» አልሁ። የንስሐ አባቴ ዝም እንድል በዐይናቸው ጠቀሱኝ። የኔታ ግን «ተዋት፤ ትናገር» አሏቸው።

ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ውኃውን ስታፈሺ ማንን ነበር የምትጠሪው?»

«እግዚአብሔርን።»

«ሰምቶሻል?»

«እንጃ።»

«እኔም እንጃ» አሉ። እጃቸው እሸቱን መፈልፈል አቆመ። «ስሚ ልጄ። እኛ በበሩ ግቡ ተብለናል፤ ስለዚህ ሌላ በር አለ ብዬ ላስተምርሽ አልችልም። የቤቱ ጌታ ግን ልጅ ከውጭ ስታለቅስ ቢሰማ በየት በኩል ወጥቶ እንደሚያነሣት ለኔ አልነገረኝም። ይህን ጥያቄ ተማሪ ሲጠይቀኝ መልሱን አውቀዋለሁ። እናት ስትጠይቀኝ ግን ያወቅሁት ይጠፋብኛል።»

«ፍርዱስ?»

«ከሱ ይልቅ አንቺ ለእሷ የምታዝኚ ይመስልሻል? ከመሰለሽ ያለሽ ኀዘን ብቻ አይደለም፤ አምላክሽንም በክፉ ተጠራጥረሻል። በዚህ ንስሐ ግቢ። እምቢ ስላልሽው ግን ከምትችይው በላይ አትሸከሚ፤ ፈርተሽ ነው እንጂ ንቀሽ አልመረጥሽም። የፈራ ሰው ፈቃድ ሙሉ አይደለም።» ከዚያ የንስሐ አባቴን አዩዋቸው። «አንተ ግን አልፈራህም ነበር፤ ቸኩለህ ነው።»

የንስሐ አባቴ አንገታቸውን ደፉ። የኔታ ከእሸቱ አፍሰው ለሁለታችንም ሰጡን፤ በላን።

ተጽናንቼ ተመለስሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል። መንገዱን ሁሉ ቃላቸውን እያገላበጥሁ ነበር የሄድሁት፤ አንድ ጊዜ ተስፋ ይሆነኛል፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ሽማግሌው አዝነውልኝ ያሉት ይመስለኛል። የተለወጠ ነገር ቢኖር የምጠይቀውን ጥያቄ ብቻዬን አለመጠየቄ ነው። እቤት ስገባ ለባለቤቴም የወንዙን ነገር ነገርሁት። «ዐይኗን ከፍታ ነበር?» አለ። «አዎ» አልሁት። ደጋግሞ አስነገረኝ፤ ያን ዕለት አለቀሰ።

የንስሐ አባታችን ከእስቴ ሲመለሱ ሌላ ሰው ሆኑ። ሕፃን ታመመ ሲባል ካህንና ውኃ አዘጋጅተው ሳይጠሩ ይሄዳሉ፤ እርሻቸውን ጥለው፣ በዝናብም በፀሐይም። አንዳንድ እናቶች ግን ይፈሯቸው ጀመር። በመንገዱ ላይ ሲያዩአቸው ልጃቸውን ደብቀው «ሞት ይዘው መጡ» የሚሉ ነበሩ። እኔ አውቃቸዋለሁ፤ ያን ቀን በደብሩ በር ላይ አንዷ እኔ ነበርሁ። እንዲያ ካጠመቋቸው ልጆች የሞቱ አሉ፣ የዳኑም አሉ። አንዱ ዛሬ ወገዳ ላይ ባጃጅ ይነዳል።

ሁለተኛ ልጄ ወንድ ነው። በሃያ ቀኑ ሲያተኩሰው ሳላመነታ የንስሐ አባታችን እጅ ላይ አስቀመጥሁት፤ አጥምቀው ሲመልሱልኝ ይዤው ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥሁ። ዳነ። ደስ ብሎኛል፤ ግን ያም ዕረፍት አልሰጠኝም። የመጀመሪያዋን በመረጥሁት ነገር አጣኋት፣ ይሄኛውን በመረጥሁት ነገር አገኘሁት ማለት ነው? ወይስ ወንዙ ባይሞላ ኖሮ ምርጫዬን ማንም አያነሣውም ነበር? ልጄ አድጎ የጤና ትምህርት ሲማር «እማዬ፣ የሳንባ ምች ነበር፤ ቶሎ መድኃኒት ብታገኝ ትድን ነበር» አለኝ። እውነት ነው። እኔ የምጠይቀው ግን ከሞተች በኋላ ስላለው ነው፤ ለዚያ መድኃኒት የለውም።

የንስሐ አባታችን ከጥቂት ዓመታት በፊት አረፉ። ከማረፋቸው በፊት ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። እግራቸው አብጦ ደጅ ላይ መደብ ላይ ተኝተዋል፤ ልጃቸው ትታቸው ወደ ገበያ ሄዳለች።

«ይፈራሉ አባቴ?» አልኋቸው። እንዲህ ያለ ነገር ካህን እንደማይጠየቅ አውቃለሁ፤ እኛ ግን ብዙ ተባብለናል።

«ፍርድን የማይፈራ የለም» አሉ። ትንፋሽ ወሰዱ። «እኔ ግን የምፈራው አንዷን ነው። በር ላይ ቆማ ‹ለምን ለቀቅኸኝ?› ብትለኝ ምን እላታለሁ?»

ምን እንደምመልስ ሳላስብ «ገና ሰባ ስምንት ቀኗ ነው እኮ አባቴ፤ መናገር አልጀመረችም» አልሁ።

መጀመሪያ አዩኝ። ከዚያ ሳቁ፤ ሳቁ፣ እስኪያስላቸው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በእሷ ነገር ስቄ አላውቅም ነበር። ጀርባቸውን ደግፌ ፀሐዩ ወዳለበት ዞር አደረግኋቸው። ሳሉ ሲተዋቸው «እስክንገናኝ ድረስ ማን ያስተምራታል መናገር?» አሉኝ።

«አላውቅም» አልሁ። ልጃቸው ከገበያ እስክትመለስ ድረስ ስለ ገብሱ፣ ዘንድሮ ስለ ዘገየው ዝናብ አወራን።