እታለም የተሸከመችልኝ ውሃ

በጎደለ ጀሪካን ውስጥ ውሃ ሲንቦጫረቅ በሰማሁ ቁጥር፣ በማስተምርበት በቡሬ ከተማ መንገድ ላይም ብሆን፣ እግሬ ሳላዘው ቆም ይላል፤ እታለም ከኋላዬ የምትመጣ ይመስለኛል። እታለም የምላት ታላቅ እኅቴን ይታይሽን ነው፤ በሦስት ዓመት ትበልጠኛለች። ቤታችን ከቡሬ ወጣ ብሎ ዳገት ላይ ነበር፤ ምንጩ ደግሞ ከዳገቱ ሥር።

በበጋ ሁለታችንም እንወርድ ነበር። እሷ ባለ ሃያ ሊትሩን ቢጫ ጀሪካን፣ እኔ ባለ ዐሥሩን በገመድ አዝለን፣ ገመዱን ደረታችን ላይ በሁለት እጃችን ጨብጠን፣ ጎንበስ ብለን ዳገቱን እንወጣ ነበር። መንገድ ላይ የምናገኛቸው ባልቴቶች «ወገባችሁን ያጥናው ልጆቼ» እያሉ ይመርቁን ነበር፤ ያ ምርቃት ለማን እንደ ደረሰ ሳስበው ዛሬም ያስፈራኛል።

ክረምት ሲገባ ዳገቱ ጭቃ ሆኖ ያሟልጭ ነበር። አንድ የሐምሌ ጠዋት ብርዱንም ጭቃውንም ጠልቼ፣ ወገቤን ይዤ «አመመኝ» አልሁ። ውሸቴን ነበር። እናታችን ግራ ገብቷት ስታየኝ፣ እታለም የእኔን ጀሪካን አንሥታ ከራሷ ጋር ደርባ አሰረችው።

«ይተዉአት እምየ፣ እኔ አመጣዋለሁ» አለች።

በማግስቱም አመመኝ አልሁ። ከዚያ በኋላ የሚጠይቀኝም አልነበረም፤ እሷ ሁለቱንም ተሸክማ ዳገቱን ስትወጣ፣ እኔ እሳት ዳር ጋደም ብዬ ዝናቡን አዳምጥ ነበር።

ነሐሴ ሲገባደድ ዳገቱ ላይ ወደቀች። ጩኸት አልሰማንም፤ ጎረቤታችን አዝሎ አመጣት። ወጌሻው መጥተው ጀርባዋን ቅቤ እየቀቡ ሲያሹአት ጥርሷን ነከሰች። እኔ ከምሰሶው ጀርባ ቆሜ፣ አፌ ድረስ የመጣውን እውነት መልሼ ዋጥሁት።

መስከረም ሲጠባ ተነሣች፤ የተነሣችው ግን ጎብጣ ነበር። ምንም ሳትሸከም ቤት ውስጥ ስትንቀሳቀስ እንኳ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ የሌለ ገመድ ትጨብጥ ነበር። እናታችን «ቀና በይ እንጂ ልጄ» ስትላት ቀና ትልና፣ ጥቂት ቆይታ እዚያው ትመለስ ነበር። ወሩ ሳይወጣ ደግሞ ወደ ምንጩ ወረደች። እኔም አብሬያት ወርጄ ባለ ሃያውን ልሸከምላት ብሞክር፣ ከመሬት እንኳ አላነሣሁትም።

እሷ ትምህርቷን አቋርጣ አገባች፤ እኔ ተምሬ መምህርት ሆንሁ። ተማሪዎቼ «መምህርት ስትሄድ እንዴት ቀጥ ብላ ነው!» ሲባባሉ ስሰማ፣ የሰረቅሁትን ልብስ ለብሼ የተያዝሁ ይመስለኛል።

ባለፈው ጥር ሕመሙ ሲጠናባት ፍኖተ ሰላም ወስጄ አሳከምኋት። ሐኪሙ የተነሣችውን ራጅ ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅንቶ ብዙ ተመለከተና «መውደቋ ብቻ አይደለም፤ አጥንቷ ሳይጠና በየቀኑ ጎንበስ ብላ ከባድ ተሸክማለች። ጀርባዋ እንደ ድሮው አይሆንም። ከእንግዲህ ግን ዕቃ ስታነሣ ከወገቧ ሳይሆን ከጉልበቷ ትታጠፍ፤ ጠዋት ጠዋትም ይህን እንቅስቃሴ ትሥራ» ብሎ አሳያት።

ውጭ ወጥተን ሚኒባስ ስንጠብቅ ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጥን።

«እታለም፣ ያን ክረምት ወገቤን አላመመኝም ነበር» አልኋት።



«አውቅ ነበር እኮ» አለች።

«ታዲያ ለምን ተሸከምሽልኝ?»

«ውሃው ያስፈልግ ነበራ።»

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም፣ አልተቆጣችኝምም። ሚኒባሱ መጣና ተሳፈርን።

አሁን የቧንቧ ውሃ ሠፈራችን መሐል ድረስ ገብቷል፤ የእታለም ልጆችም ጀሪካኑን በእጅ ጋሪ እየገፉ ነው የሚያመጡት። እሷ ጠዋት ጠዋት ግድግዳ ተደግፋ ሐኪሙ ያሳያትን ትሠራለች፤ ሕመሙ ጋብ ብሎላታል፣ ጀርባዋ ግን እንዳለ ነው። ልጅ ሳለሁ ፊቷን ለማየት ቀና እል ነበር፤ ዛሬ ቆመን ስንጫወት ጎንበስ ብዬ ነው የማያት።