ሚስተር ላማር ያልረገጡት ጡብ

ቶሎሳ አትላንታ ከገባ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ አሥራ አንዱን ያሳለፈው አሮጌ ጡብ ሲያጸዳ ነው። ቤት ወይም መጋዘን ሲፈርስ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ይሄድና ጡቡን ይለቅማል፣ የተጣበቀበትን ኖራ በመሮና በመዶሻ ፍቆ ይደረድራል። ሀብታሞቹ አሮጌ ጡብ ይወዳሉ። አዲሱ ሁሉ አንድ መልክ ነው፤ አሮጌው ግን አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም። ጠርዙ የተሸረፈውን አሠሪው ለሠራተኞቹ ይተወዋል። ቶሎሳ ያንን በመኪናው እያመላለሰ ስኔልቪል በገዛው ቤት ጓሮ ፓቲዮ፣ ወንበር የሚዘረጋበት ሜዳ፣ አነጠፈበት። ሁለት በጋ ፈጀበት። የፋብሪካው ስም የታተመባቸውን ጡቦች ጽሑፉ ወደ ላይ እንዲታይ አድርጎ ከመግቢያው ጫፍ ጀምሮ ደረደራቸው።

በሥራ የሚያምን ሰው ነው። በቤት ለቤት የጸሎት ኅብረታቸው የጥቁር አሜሪካውያን ድህነት ሲነሳ፣ እዚሁ ተወልደው፣ ቋንቋውን እያወቁ፣ የመኖሪያ ወረቀት እያላቸው ለምን ወደ ኋላ ቀሩ ብሎ የሚጠይቀው እሱ ነበር። መልሱንም ራሱ ይሰጣል፤ ስንፍና ነው ይላል። ልጁ ኤልዳና አንድ ጊዜ በዚህ ተቀይማው ሁለት ሳምንት ስልኩን አላነሳችለትም።

ኤልዳና በፈረንጆቹ 2014 ግንቦት ላይ ከዩኒቨርሲቲ ስትመረቅ ጓሮው ውስጥ ግብዣ ተደረገ። ጎረቤታቸው ሚስተር ላማርም ተጠሩ። ሚስተር ላማር ሠላሳ አምስት ዓመት ፖስታ ሲያድሉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው የሰማንያ ሦስት ዓመት ጥቁር አዛውንት ናቸው። ቶሎሳ ሰፈሩ በገባ ሰሞን በሩን አንኳኩተው እንኳን ደህና መጣህ ያሉት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

በዚያ ቀን ከረባት አስረው፣ ጫማቸውን አስጠርገው መጡ። ፓቲዮው ጫፍ ሲደርሱ ቆሙ። ወደ ታች አዩ። በከዘራቸው ተደግፈው በጭንቅ ጎንበስ አሉና አንዱን ጡብ በጣታቸው ነኩት። ከዚያ ቀና ብለው፣ ዝናብ ባራሰው ሣር ላይ ዙሪያውን ሄደው ዛፉ ሥር ተቀመጡ። ቶሎሳ ሮጦ ሄዶ በጡቡ ላይ እንዲያልፉ፣ ወንበርም እዚያ እንዳለ ነገራቸው። እዚህ ይሻለኛል አሉት። ሃያ ደቂቃ ያህል ተቀምጠው፣ ኤልዳናን መርቀው፣ በመጡበት ሣር ተመለሱ። ጫማቸው ጭቃ ሆኖ ነበር።

ቶሎሳ ተከፋ። ሥራውን የናቁበት መሰለው። ሚስቱ አረጋሽ፣ ሽማግሌ ናቸው፣ ያዳልጠኛል ብለው ይሆናል አለችው። አላመናትም። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ በቀጥታ ሄዶ ጠየቃቸው።

ሚስተር ላማር በረንዳቸው ላይ አስቀመጡት። «ጡቡ ላይ የተጻፈውን ስም አይተኸዋል?» አሉት።

የፋብሪካው ስም መሆኑን ነገራቸው።

«ያ ስም እኛ ቤት አይጠራም ነበር» አሉ።

ከዚያ ስለ አያታቸው አወሩለት። አያታቸው ኢላይጃ በ1904 ሥራ ፍለጋ በባቡር ሐዲዱ ዳር በእግሩ ሲሄድ የሸሪፉ ሰዎች አገኙት። ጌታህ ማነው አሉት። ቀጥሮ የሚያሠራው ነጭ ስም መጥራት አልቻለም። ያለ ሥራ ስትዞር ተገኝተሃል ተብሎ ታሰረ፤ በማግስቱ ዳኛ ፊት ቀረበና ተቀጣ። መቀጮውን መክፈል ስላልቻለ የአካባቢው አስተዳደር፣ ካውንቲው፣ ለጡብ ፋብሪካው አከራየው። ሰውን አከራዩት። እግሩ በሰንሰለት ታስሮ ያድራል፤ ቀን ከምድጃ የወጣ ትኩስ ጡብ ተሸክሞ ይሮጣል፤ ከዘገየ ይገረፋል። የሞቱትን ማንም ለቤተሰባቸው አላረዳም። ኢላይጃ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ ወጣ።

«ልጅ ሆኜ እጁን ስይዘው ያንሸራትት ነበር» አሉ ሚስተር ላማር። «ጣቶቹ አሻራ አልነበራቸውም። ጡቡ አቃጥሎ ጨርሶታል።»

ቶሎሳ ባርነት የቀረው ከዚያ በፊት እንደሆነ ያውቃል። በኤልዳና የትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ አይቶታል። «ባርነት ቀርቶ አልነበረም እንዴ?» አላቸው።

«ከቀረ አርባ ዓመት ሊሞላው ነበር።»

 ሚስተር ላማር የሚናገሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ቶሎሳ አእምሮ ውስጥ የመጣው ግን የአማርኛ ቃል ነው፤ አፈሳ። አሥራ ሰባት ዓመቱ ሳለ ነቀምቴ ገበያ ላምባ ሊገዛ ወጥቶ፣ የቀበሌ ጥበቃዎች መንገዱን ከሁለት ወገን ዘግተው ከሌሎች ወጣቶች ጋር መኪና ላይ ጫኑት። ጦር ሜዳ ወረደ። እናቱ በሕይወት መኖሩን የሰማችው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ይህን ለኤልዳና ነግሯት አያውቅም። ሰውን ከመንገድ አፍሶ መውሰድ የኛ አገር ጉድ ነው ብሎ ያምን ነበር፤ አሜሪካ ይህን የማታውቅ አገር ናት ብሎ ነበር የመጣው።

«እኔንም ከመንገድ ወስደውኛል» አላቸው።

ሚስተር ላማር ስንት ዓመቱ እንደነበር ጠየቁት። ነገራቸው። ተነሥተው ገብተው ውሃ አመጡለት።

ቤቱ ሲመለስ ፓቲዮው ላይ ተንበረከከ። አንዱ ጡብ ላይ አራት ስርጉድ ያሉ ምልክቶች አየ። ጭቃው ሳይደርቅ ሰው ያነሳበት የጣት ምልክት ነው። እንደዚህ ያለ ጡብ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ አይቷል፤ ሁልጊዜ እንደ ብልሽት ቆጥሮ ከተሸረፉት ጋር ወደ ጎን ይጥለው ነበር። አሁን ጣቶቹን አስገባባቸው። ምልክቶቹ ለእሱ ጣቶች ጠበቡ።

ሰኞ ሥራ አልገባም። ጠዋት ጡቡን እየነቀለ ኤልዳና አገኘችው። ሚስተር ላማር የነገሩትን ነገራት፤ ቀጥሎም የራሱን። እሷ መሬቱ ላይ ቁጭ አለች።

«አባዬ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት እንዴት ዝም አልክ?»

መዶሻውን አንሥቶ ቀጣዩን ጡብ መንቀል ጀመረ።

የመዶሻው ድምፅ የተሰማቸው ሚስተር ላማር አጥሩ ጋ መጥተው ጡቡን ሊጥለው እንደሆነ ጠየቁት። አዎ አላቸው። «አትጣለው» አሉት። «እነ አያቴ የሠሩት ሥራ እኮ ነው። እኔ መርገጡን ነው ያልቻልኩት።» ስለዚህ በጓሮው ዙሪያ እስከ ጉልበት የሚደርስ ግንብ አድርጎ ገነባው።

አሠሪውን የዚያን ፋብሪካ ጡብ ማጽዳት እንደማይፈልግ ነገረው። አሠሪው ጡብ ጡብ ነው አለው። ቶሎሳ መስከረም ሳይጠባ ሥራውን ለቅቆ ፒችትሪ ኮርነርስ በተባለ ሰፈር አንድ መጋዘን ተቀጠረ። በኅብረታቸውም ተነሥቶ የኢላይጃን ታሪክ ከነገራቸው በኋላ፣ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ስናገር የኖርኩት ሳላውቅ ነው፣ ይቅርታ አለ። ሀብታሙ የሚባለው የኅብረቱ መሪ፣ ይህ እኮ ከመቶ ዓመት በፊት የሆነ ነገር ነው ሲለው፣ የልጅ ልጁ ጎረቤቴ ነው ብሎ መለሰለት። አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አንዳንዶቹ ወደ መዝሙሩ እንዲገባ ቸኮሉ።

ኤልዳና የሕግ ቢሮ ውስጥ ሥራ ይዛ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የካውንቲውን የድሮ የእስረኞች መዝገብ አስፈቅዳ አየችና የአንዱን ገጽ ኮፒ ይዛ መጣች። አባትና ልጅ ተያይዘው ወደ ሚስተር ላማር ሄዱ። አዛውንቱ መነጽራቸውን አድርገው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ። ስም፦ ኢላይጃ። ጥፋት፦ ያለ ሥራ መዞር። መለያ፦ ግንባሩ ላይ ጠባሳ። ዕድሜ፦ አሥራ አራት።

ጣታቸው እዚያ ላይ ቆመ። ቁጥሩ ከሌላ ቁጥር ጋር ተሳስቶ እንደሆነ ኤልዳናን ጠየቋት። አልተሳሳተም አለቻቸው፤ በሁለት ቦታ ተጽፏል።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ሲይዙት ሁሌ ሳስበው» አሉ፣ «ትልቅ ሰው ነበር።»